ሬሕማ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ ዓርብ

ይህ ወረቀት ሐርቡ ላለችው፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ እናትም እህትም ሆና ላሳደገችኝ ለእትዬ ሉጥፊያ ይድረስ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ ዘንድሮ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማዱ አስቸገረሽ? ሳሊህስ እንዴት ከርሟል? ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ጠና ጠና አሉ? ዝናቡ በጊዜው ጣለላችሁ? ማሽላው እንዴት ይዟል? ናፍቆቴ በጥያቄ የሚያልቅ አይደለም፤ እየጠየቅሁ ብውል ደስ ባለኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ድሮ «ደኅና ነኝ» ብዬ ስጽፍልሽ ለወጉ ያህል ነበር፤ ዘንድሮ ግን እያንዳንዷን ፊደል ከልቤ ነው የጻፍኳት። ልጅሽ ሬሕማም በጣም ደኅና ናት።

የእጅ ጽሕፈቴ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና ብርሃኑ ዐይኔን ሲወጋኝ እተወዋለሁ፤ ሲሻለኝ ደግሞ እቀጥላለሁ። ምክንያቱን ስትሰሚ ማልቀስሽ አይቀርም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብበሽ አልቅሺ። ለሌላ ሰው አትስጪው፣ ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስትቆጥሪ አጠገብሽ ተቀምጬ ስህተትሽን እየለቀምኩ አበሳጭሽ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ማንበብሽን አውቀዋለሁ።

በመጋቢት የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የጂብሪል ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ሬሕማን እንደጠየቋችሁ፣ አንቺና ሳሊህም እሺ እንዳላችሁ፣ ለመስከረም ከታመነ መንገደኛ ጋር እንድልካት ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም ሳላቅማማ «እልካታለሁ» ብዬ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ያን ቃል እንድትመልሽልኝ ልለምንሽ ነው። ጂብሪል ክፉ ልጅ ነው ብዬ አይደለም፤ እሱንም አባቱንም አውቃቸዋለሁ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሆኗል። እሱን ሳልነግርሽ ብለምንሽ አብዷል ትያለሽ። ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን ሳላብድ አልቀረሁም።

ነገሩ የሆነው ግንቦት 13 ቀን፣ ዓርብ ነው። ሱቄን በፎቶ አይተሻታል፤ እዚህ ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ፣ ጤፍና አብሽ የምሸጥባት ጠባብ ቤት ናት። በሩ ላይ ጥላ እንዲሆነኝ ያቆምኩት ቆርቆሮ አለ። ያን ዕለት ከጁምዓ ሰላት በፊት ሰማዩ በደቡብ በኩል ቀላ። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሲመጣ እንዲያ ነው፤ ያልታሰረ ቆርቆሮ ካገኘ ነቅሎ ሰው ላይ ይጥለዋል። እኔም ቆርቆሮውን በሽቦ ላስር ባዶ በርሜል ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጸጋዬ «ቆይ ልያዝልህ» ቢለኝ «አንተ ልብስህን ስፋ» አልኩት። ጸጋዬ የደብረ ታቦር ሰው ነው፣ ልብስ ሰፊ፤ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርቷል። በርሜሉ ተንከባለለ፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ከግራ ጆሮዬ ከፍ ብሎ ያለው የራሴ ክፍል የደረጃውን ጠርዝ መታ። ሀቡቡ ደግሞ ወደ ኦምዱርማን ዞሮ እኛን ሳይነካን ቀረ። በከንቱ ነው የወደቅኩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰዎች ነግረውኝ ነው የምጽፍልሽ። ለአንድ አፍታ ዐይኔን ገልብጬ ዝም አልኩ። ወዲያው ተነሳሁ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ የከበበኝን ሰው «እኔን ምን ታያላችሁ፣ ደረጃውን ጠይቁት እንጂ» ብዬ አሳቅሁ። ደም አልወጣኝም፤ እብጠቷም ይህን ያህል አልነበረችም። ሱቄን ዘግቼ መስጊድ ሄድኩ፣ ሰገድኩ፣ ተመለስኩ። ደም ያልፈሰሰው፣ እያወራ በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን ሆነ ይባላል? ማንም የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ከመስጊድ ስመለስ ግን ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ አስመለሰኝም። ጸጋዬ ፀሐይ መቶህ ነው አለና አናቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰ። ከማዶ ያለው ሻይ ሻጭ «ዋላሂ ማላርያ ነው» አለ። ካርቱም ውስጥ፣ እትዬ፣ ራስ ቢያምም ማላርያ ነው፣ ሆድ ቢያምም ማላርያ ነው፣ ሚስት ብታኮርፍም ማላርያ ነው። ሎሚ በጨው አጠጡኝ፤ እሱንም መለስኩት። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። እዚህ አገር ደግሞ የዓርብ የቀትር እንቅልፍ የተከበረ ነገር ነው። ከጁምዓ በኋላ የተኛን ሰው መቀስቀስ የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደ መክፈት ያለ ብልግና ነው። ጸጋዬም ደግ ሰው ነውና አልጋዬ ላይ አጋደመኝ፣ መጋረጃውን ጣለ፣ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ «ተኝቷል፣ በኋላ ተመለሱ» ይል ጀመር። ሊገድለኝ የነበረው በፍቅር ነው።

ሬሕማ የምትሠራው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ ፋሪሃ የሚባሉ አሮጊት ቤት እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ዕረፍቷ ዓርብ ነው፤ ከቀትር በኋላ ትመጣና አብረን እንበላለን። ስለ እሷ እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽን አስታውሺ። «ዝምተኛ ናት፣ ፈዘዝ ትላለች፣ ሱቅ ባስቀምጣት ከገበያተኛው ይልቅ ግድግዳውን ታያለች» ብዬሽ ነበር። ምላሴን ይቁረጠው። ልጅቱ ለካ ሁሉን የምታይ ተመልካች ናት፤ ፈዛዛውስ እኔ ነበርኩ።

ጸጋዬ እንደ ሌላው ሁሉ ሊመልሳት ሲል ምን ሆነው ነው ሳይጠብቁኝ የተኙት ብላ ጠየቀችው። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሰገደ፣ ከዚያ አስመለሰው፣ ማላርያ ሳይሆን አይቀርም አላት። መውደቄንና ማስመለሴን አንድ ላይ ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ ይላል ጸጋዬ። ስንት ጊዜ እንዳስመለሰኝ፣ ስወድቅ ራሴን ስቼ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደተመታሁ ጠየቀችው፤ እሱ ገና እየመለሰላት በሩን ከፍታ ገባች። «ተይ፣ ይተኛበት» ቢላት «መዓሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እንቅልፍ አይመስለኝም» አለችው።

ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደብኳት። ሌላ ሴት ብትሆን አልቅሳ ትወጣ ነበር። እሷ ግን ወደ ጸጋዬ ዞር ብላ «አጎቴ እንዲህ አይናገሩም፤ ይኸም ምልክት ነው» አለችው። ከዚያ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ማክሰኞ አልኳት። እኔ በበኩሌ ሱቁን ዘግቼ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ዘግተዋል አለችኝ፤ ወዲያው ያንኑ መልሼ ጠየቅሁ፣ ደግሞም ሦስተኛ። ጸጋዬ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የእጅ ባትሪ አምጥታ የዐይኔን ቆብ ገልጣ አበራችብኝ፤ የቀኙ ብሌን ብርሃኑን ሲያይ ጠበበ፣ የግራው እንደ ሰፋ ቀረ። ሁለት እጆቿን ሰጥታኝ ጭመቁ አለችኝ፤ ግራዬ ያዘ፣ ቀኜ ላላ። ጸጋዬ ሳቁን ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቀችው ትይኝ ይሆናል። አምና ሐጃ ፋሪሃ መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው ወድቀው ነበር። ልጃቸው ሐኪም ናት፤ በቤቱ ዶክቶራ ነው የምትባለው። እናቷን ከሐኪም ቤት ስትመልስ ሬሕማን ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት። ራሱን የተመታ ሰው በውጭ ደም ሳይታይበት በውስጥ ሊደማ እንደሚችል፣ ተነስቶ ቢስቅና ቢራመድ እንኳ ከሰዓታት በኋላ ሊዞርበት እንደሚችል ነገረቻት። ምን ምን መጠበቅ እንዳለባትም በዐረብኛ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችላት። ልጅሽ ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ ዶክቶራዋን እያስነበበች ሁሉንም በአማርኛ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ሁለት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ሐጃን እየቀሰቀሰች ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የበሉትን ትጠይቃቸው ነበር። ሐጃም «ይህች ሐበሻ አበደች» ብለው ለጎረቤት ከሰሷት። ሐጃ ምንም ሳይሆኑ ተረፉ፤ ልጅቱ ግን ደብተሩን አልጣለችውም፣ እየመላለሰች ታነብበው ኖሯል።

ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው ስትል ግን የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ተቃወማት። አንዱ መጀመሪያ ለማላርያ ይመርመር አለ፤ ሌላው ይተኛና ሲነቃ እናያለን አለ። ጸጋዬ የሁላችንም የሆነውን ፍርሃት ተናገረ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ካለፈ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ፖሊስ መንገድ ላይ እያስቆመ ወረቀት ይጠይቅ ነበር። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ አልሄድም ብዬ ተንፈራገጥኩ አሉ። ሬሕማ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ቢይዟቸው እናስፈታቸዋለን፤ አሁን ጊዜ የለንም። ያላ፣ ረክሻ ጥሩልኝ» ነው ያለችው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ጢማም ወንዶችን አዘዘቻቸው፣ እነሱም ታዘዙ። በባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ውስጥ ጸጋዬ ከወገቤ ደግፎኝ፣ እሷ አንገቴ እንዳይናጥ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ የእኅቶቿን ስም እያስቆጠረችኝ ደረስን። መንገድ ላይ ማንም አላስቆመን።

ተረኛው ወጣት ሐኪም ራሱን አመመው፣ አስመለሰው ሲባል እሱም እንደ ሻይ ሻጩ ማላርያ አለና የደም ምርመራ ሊያዝ እስክሪብቶ አነሳ። ሬሕማ ፊቱ ቆመች። ዐረብኛዋን ታውቂው እንደሆነ፣ ሽንኩርትና ሳሙና ለመጠየቅ የተማረችው የሐጃ ጓዳ ዐረብኛ ነው። በዚያው ዐረብኛ ነገሩን በሰዓት በሰዓቱ ነገረችው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደቀ፣ ራሱን ሳተ፣ ተነስቶ አንድ ሰዓት ያህል ደኅና ነበር፣ ከዚያ ሁለቴ አስመለሰው፣ ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል፣ ጠባዩ ተለውጧል፣ ቀኝ እጁ ደክሟል፣ የግራ ዐይኑ ብሌን ለብርሃን አይጠብም አለችው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ባትሪውን አነሳ። ዐይኔን እንዳየ አልጋውን ራሱ እየገፋ ሮጠ ይላል ጸጋዬ። ጭንቅላቴን ፎቶ ሲያነሱት በራስ ቅሌና በአንጎሌ መካከል ደም ተጠራቅሞ አንጎሌን እየተጫነው ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፍተው አወጡት። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ሐኪም አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ ብሏቸዋል። ከዚያም ልጅቱ የነርስ ተማሪ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። የቤት ሠራተኛ ናት ሲሉት ደግሞ ጠየቀ፣ ያላመነ መስሎ።

ዐሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ወጣሁ። መከራው በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ደማቅ ብርሃን ያመኛል፣ ጫጫታ ያናድደኛል። አንድ ዕቃ ላነሳ ጓዳ እገባና ምን ልወስድ እንደገባሁ እረሳዋለሁ። በማይረባ ነገር እንባዬ ይመጣል። ከሁሉ የባሰው ቁጣዬ ነው። እኔ ተጫዋች እንጂ ተቆጪ አልነበርኩም፤ ታውቂኝ የለም? አንድ ቀን ጸጋዬ የልብስ ስፌት መኪናውን ቢያንቀሳቅስ ድምፁ አናቴ ውስጥ ገባና በሰው ፊት አዋረድኩት። ምስኪኑ በሩን በመዝጋቱ ራሱን ሲወቅስ የከረመ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሬሕማ ተከትላው ሄደች። ይህ የቁስሉ ጠባይ እንጂ የእሳቸው አይደለም፣ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ይታገሧቸው ብላ አስረዳችው። ለእኔም ተመልሳ ይህንኑ ነገረችኝ፤ ቀጥላም ይቅርታ ጠይቁት ብላ አዘዘችኝ። ጠየቅሁት። አሁን ጸጋዬ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው እኔ ወደ ገበያ ስወጣ ነው።

እትዬ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ደጋግሜ ያሰብኩት ወንድማችንን ሙሄዲንን ነው። ከገበያ ሲመለስ ከበቅሎ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በራሱ ላይ ስቆ፣ በእግሩ ቤት ገባ። ራሴን አመመኝ አለ፣ አስመለሰው፣ ተኛ። አንቺም ጋቢሽን አልብሰሽው «ደክሞታል፣ አትቀስቅሱት» አልሽን፤ እኛም ድምፅ ሳናሰማ ወጣን። በማግሥቱ አልነቃም። አንዳንዱ ጂን ነው አለ፣ አንዳንዱ ዐይን በላው አለ። አንቺ ግን ስንት ዓመት ሙሉ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያልሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ምንም አላጠፋሽም እትዬ። ጸጋዬም ያደረገው አንቺ ያደረግሽውን ነው፤ ሁለታችሁም የምትወዱትን ሰው ዕረፍት ጠበቃችሁ። የዚያን ቀን እቤታችን ያልነበረው ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሳትሰሚ እንዳትሞቺ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ ሸክሙን ከላይሽ አውርጂው።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልመለስ። ዶክቶራዋ የሆነውን ስትሰማ ሱቄ ድረስ መጣች። ለውጭ አገር ሰውም ክፍት የሆነ የረዳት ነርሶች ማሠልጠኛ አለ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው፣ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ሬሕማን ላስገባት ብላ ብትጠይቃት «እናቴ ቃል ሰጥታለች» ብላ መለሰቻት። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ከዶክቶራዋ ነው የሰማሁት። ስጠይቃት «እማ ካለች እሄዳለሁ» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ የታጠበውን ልብሴን ማጠፍ ቀጠለች። ያንኑ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ አታውቅም፤ እሷ ለራሷ የማትለምነውን ነው የምለምንላት።

ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝና ኀፍረቱም የእኔ ይሁን። በሰው ልኬ አልሸሽም። ሐኪሙ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚያንገጫግጭ መንገድ ከልክሎኛል፤ በጥቅምት ራሴ እመጣለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ለዓመት እመጣለሁ» እያልኩ ስቀር እንደኖርኩ አውቃለሁ፤ የአሁኑ እንዲያ አይደለም። የጂብሪል ቤተሰቦች ፊት ቀርቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሊጠብቋት ፈቃዳቸው ከሆነ ደስታውን አልችለውም፤ ካልሆነም አልቀየማቸውም። እስከዚያ ድረስ አንቺ እምቢ አትበይልኝ፣ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

ለመዲና ሰላም በይልኝ፤ እኅቷ ሬሕማ የላከችላት ቀሚስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ለሀሰን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ራሱን ቢመታ፣ ከዚያም ቢያስመልሰው ወይም ቢነዘንዝ ወይም ነገር ቢደጋግም፣ ቀንም ይሁን ሌት ሳትተኙ ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት አድርሱት። ለአክስታችን፣ ለጎረቤቶች፣ ስለ እኔ ለሚጠይቅ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ጸጋዬም ባያውቃችሁም በጣም ሰላም ብሏችኋል።

ለሳሊህ ደግሞ ይህን ለብቻው አንብቢለት። ሳሊህ ወንድሜ፣ ጭንቅላቴን ከመክፈታቸው በፊት የቅርብ ዘመድ መፈረም ነበረበት። የእኅት ልጅ ብትላቸው አይበቃም ብለው መልሰዋት ነበር አሉ። ከሐኪም ቤት ስወጣ ወረቀቱን አየሁት፤ ሬሕማ ሙሐመድአወል፣ ልጁ፣ ብላ ፈርማለች። ያንተን ስም ትታ በእኔ ስም መጠራቷ እንዳይከፋህ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ለአንድ ቀን ግን ልጅ ነበረችኝ፣ በእሷም ተርፌአለሁ። አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ተዋትልኝ፣ ሳሊህ፤ ከዚያ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

ወንድማችሁ ሙሐመድአወል
ካርቱም፣ ዴም
ሐምሌ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.